ለማን ዘፈንሽ?

ቤይሩት ሰው ቤት የሠራች ሴት ሁሉ የፈይሩዝን ድምፅ ታውቃለች። ስሟን ባታውቅ እንኳ ድምፁን ታውቃለች። ጠዋት ራዲዮ ሲከፈት እሷ ናት፣ ታክሲ ውስጥ እሷ ናት፣ ዳቦ ቤትም እሷ ናት። እዚህ አገር ቡናና ፈይሩዝ አብረው ነው የሚመጡት። እኔ ዐረብኛ የለመድኩት ግማሹን ከትእዛዝ፣ ግማሹን ከሷ ዘፈን ነው። (የዘፈኑ ዐረብኛ ይሻላል፣ ስድብ የለበትም።)

ስለሷ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የኛው የራሳችን ጭቅጭቅ ነው። እሑድ ፈቃድ ያለን ልጆች ዶራ አካባቢ ተሰብስበን ክራር እንመታለን፣ የድሮ ዘፈን እንዘፍናለን። ዘፈኖቹን የምንጽፍበት አንድ ደብተር አለን። በአገራችን የሰሜኑ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደብተሩ ላይ ስርዝ በዛ። አንዷ «ይሄ ሰውዬ ለነሱ የዘፈነ ነው» ትልና ትሰርዘዋለች፣ በሳምንቱ ሌላዋ የሷን ዘፋኝ ትሰርዛለች። አሥር የነበርነው ስድስት ቀረን። «እዚህ ፖለቲካ አይወራም» የሚል ሕግ አወጣን፤ ሕጉ ራሱ አጣላን። ምክንያቱም አንዷ ፖለቲካ የምትለው ለሌላዋ የሞተ ወንድሟ ነው።

እኔ የምንከባከባቸው ቴታ የሊባኖስን ጦርነት ከተማው ውስጥ ሆነው ያሳለፉ ናቸው። ስለ ፈይሩዝ ሲጀምሩ አያቆሙም። ከሳቸው የሰማሁትን በኋላ ከሌላም እያጣራሁ ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ የኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

ፈይሩዝ የጀመረችው በሊባኖስ ራዲዮ ከኅብረ ዝማሬ ዘፋኞች አንዷ ሆና ነው። ከዚያ አሲና መንሱር ራህባኒ የሚባሉ ወንድማማቾች ግጥምና ዜማ እየሠሩላት ወጣች፤ አሲን አገባችው። በ1957 በበዓልበክ በዓል ላይ፣ በዚያ ሁሉ የጥንት ሮማ ድንጋይ መካከል ቆማ ዘፈነች። ከዚያ በኋላ የአገር ድምፅ ሆነች።

የአገር ድምፅ መሆን ግን ዕዳም አለው፤ ሁሉም የኔ ነሽ ይላል። በ1969 የአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ሁዋሪ ቡመዲን ሲመጡ በግል ዝግጅት ላይ ዝፈኝላቸው ተባለች። እምቢ አለች። ለሕዝብ እንጂ ለአንድ ሰው አልዘፍንም ነው ነገሩ። መንግሥት ዘፈኖቿን ለስድስት ወር ከራዲዮ አስወጣ። አስቡት እስቲ፣ ጠዋቷ የሷ የሆነች አገር ስድስት ወር ያለሷ ስትነቃ።

በ1975 ጦርነቱ ተነሣ፣ እስከ 1990 ቆየ። ቤይሩት ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ ተከፈለች፤ በመሐል ያለው መስመር ላይ ሰው ስለማያልፍ ሣርና ዛፍ በቅሎበት ነበር ይላሉ ቴታ። ሰው መታወቂያው ላይ በተጻፈው ሃይማኖት ይገደል ነበር። አቅም ያለው ዘፋኝም ነጋዴም ተሰደደ። ፈይሩዝ ውጭ አገር እየሄደች ትዘፍናለች፣ በ1979 ፓሪስ ኦሎምፒያ አዳራሽ ዘፍናለች፤ ግን ቤቷን አልለቀቀችም፣ ለየትኛውም ታጣቂ ወገን አልዘፈነችም። እሷ ክርስቲያን ናት፣ የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። ሆኖም በሁለቱም በኩል ጠዋት የሚሰማው የሷው ድምፅ ነበር። ቴታ «ከወዲያ የሚተኩስብን ልጅም እሷን ሰምቶ ነው ወደ ምሽጉ የሚገባው» ይላሉ።

ከፖለቲካ የራቀች ነበረች ማለት ግን አይደለም። ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ስለ ኢየሩሳሌም የዘፈነችው ዘፈን ዐረቡን ሁሉ ያስለቀሰ ነው። የራቀችው ከወገኖቹ ነው። ይሄንን ልዩነት ማየት ያለብን ይመስለኛል። እኛ ሰው ቤት ዝም የምንለው ፈርተን ነው፤ እሷ ዝም ያለችው ሁሉም ተናገሪልን እያለ ሲለምናት ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አልተዋትም። በ1994 በሰማዕታት አደባባይ ስትዘፍን መሐል ከተማው ፈርሶ እንደ አዲስ ሊሠራ ነበር፤ ለሕዝቡ ሳይሆን ከተማውን ለሚያፈርሱት ባለሀብቶች ዘፈነች ያሏት ነበሩ። ዋናው ጠብ ግን የ2008ቱ ነው። ደማስቆ በዚያ ዓመት የዐረብ የባህል ከተማ ተብላ ነበርና ፈይሩዝ በጥር ወር የድሮ ሙዚቃዊ ቲያትሯን ይዛ ወደዚያ ሄደች። ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሶርያ ጦር ሊባኖስ ውስጥ 29 ዓመት ቆይቶ የወጣው በ2005 ነው፣ የወጣውም የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሐሪሪ በየካቲት በፈንጂ ከተገደሉ በኋላ ነው። ብዙ ሊባኖሳዊ ግድያውን በሶርያ ያመካኝ ነበር። በ2008 ደግሞ ፖለቲከኞቹ ተጣልተው አገሩ ፕሬዚዳንት እንኳ አልነበረውም። ታዲያ አንዱ ወገን «ለገዳዮቻችን አትዝፈኚ» አለ። ሌላው «የምትዘፍነው ለሶርያ ሕዝብ ነው፣ ሕዝቡ ምን አደረገ?» አለ። እሷ ምንም አልመለሰችም። ሄደች፣ ዘፈነች፣ ተመለሰች።

የቴታ ሁለት ወንዶች ልጆች ያን ጊዜ በዚህ ምክንያት ሁለት ወር አልተነጋገሩም ነበር። ትልቁ ሲዲዎቹን አውጥቶ ሊጥል ነበር አሉኝ። አልጣለም። ዛሬ ሳሎን ውስጥ አቧራቸውን የምጠርገው እነሱኑ ነው።

በ2013ም ልጇ ዚያድ በቃለ መጠይቅ እናቴ የሂዝቦላውን መሪ ትወዳለች ብሎ አገሩን አተራምሶታል። እሷ አሁንም ዝም።

የኛ አገር ዘፋኞች እንዲህ ዝም የማለት ዕድል እንኳ አልነበራቸውም። ጥላሁን ገሠሠን ውሰዱ። ከሀገር ፍቅር ቲያትር ወጥቶ የገባው ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነው፤ ያ ባንድ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። ደመወዙ ከጦሩ፣ ዩኒፎርሙም የጦሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈ። ጥላሁንም ታሰረ። ገና የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፣ የኔ ታናሽ ማለት ነው። በኋላ ተፈታ፤ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ እሱ እየዘፈነ ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፍኗል። በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሲሞት በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረ። ለቅሶ የወጣው ሰው «ለማን ዘፈነ?» ብሎ የተጠያየቀ አይመስለኝም።

ይህንን ሁሉ ለልጆቹ አወራሁላቸውና አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ዘፈን መሰረዝ ይቅር፤ የከፋት ግን ለምን እንደከፋት ከዘፈኑ ጎን ትጻፍ፣ እኛም እናንብበው። «ፖለቲካ አይወራም» የሚለውን ሕግ አነሣነው። ጭቅጭቁ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ሁለት እሑድ ክራሩ ከቦርሳው ሳይወጣ መሽቶብናል። ከሄዱት አራት ልጆች አንዷ ተመልሳለች። ሦስቱ አልመጡም፣ አንዷ ስልክም አታነሣም።

ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። ጥላሁን ያለበት ገጽ ዳር ላይ አንዷ በቀይ እስክርቢቶ «በንጉሡም በደርግም ጊዜ ዘፍኗል» ብላለች። ከሥሩ ሌላ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «አያቴም በሁለቱም ጊዜ ግብር ከፍላለች።»