በመዲናም ጨዋታ ነበረ

 

ባለፈው ወር ለዚያራ ወደ አንድ ወዳጃችን ቤት ጎራ ብለን ነበር። ሁለት ጎረምሳ ልጆች አሏቸው። ሁለቱም ቤት ነበሩ፤ ግን አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ፊቱን ያዞራል። ምሳ ሲቀርብ እናትየው ለልጆቹ ሁለት ትሪ አመጣች። በዚያ ቤት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከአንድ ትሪ የበሉ ልጆች ናቸው። ምን ሆነው ነው ብለን ስንጠይቅ አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ በአውሮፓ የተደረገ አንድ የኳስ ግጥሚያ ነው። ታላቅየው የአንዱ ቡድን፣ ታናሽየው የሌላው ደጋፊ ናቸው። የታላቅየው ቡድን ተሸነፈ፣ ታናሽየው አሾፈ፤ ሹፈቱ ወደ ስድብ፣ ስድቡ ወደ ኩርፊያ ተሸጋገረ። በኋላ አባትየው በጆሯችን እንደነገሩን ታላቅየው በዚያ ግጥሚያ ላይ ገንዘብም አስይዞ ነበር። እነሆ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። በአንድ መስጂድ ይሰግዳሉ፤ በአንድ ሶፍ ግን አይቆሙም።

«እናንተ ሬዲዮ ላይ የምትናገሩ ሰዎች» አሉን አባትየው፣ «ኳስ ሐራም ነው ብላችሁ አንድ ጊዜ ተናገሩልኝና ልረፍ።»

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ሐጂ፣ ሐራም የሚባለው ቃል እንዲህ በቀላሉ ከአፍ የሚወጣ አይደለም፤ እኛም ሙፍቲ አይደለንም አልናቸው። ይልቅ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከተማ መዲና ጨዋታን እንዴት ትይዘው እንደነበር መጻሕፍቱን ገልጠን እንነግርዎታለን ብለን ቃል ገባን። የዛሬው ዝግጅታችን ያንን ቃል ለመፈጸም ነው።

ከቤት እንጀምር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሷ የተናገረችውን፣ አቡ ዳውድና ኢማም አሕመድ የዘገቡትን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጉዞ ላይ ነበሩ። ዓኢሻ ያኔ ልጅ እግር፣ ሰውነቷም ቀለል ያለ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብሯቸው የሚጓዘው ሰው ሁሉ ወደ ፊት ቀደም እንዲል አዘዙ። ሰዉ ራቅ ሲል ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው እንድትሽቀዳደማቸው ጠየቋት። ሮጡ፤ ቀደመቻቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ።

ዘመን አለፈ። ዓኢሻ ሰውነቷ ወፈር አለ፤ ያንን ሩጫም ረስታዋለች። በሌላ ጉዞ ላይ አሁንም ሰዉ እንዲቀድም አዘዙና ለሩጫ ጠሯት። በዚህኛው እርሳቸው ቀደሙ። እየሳቁም የዛሬው የዚያን ጊዜውን እንደሚተካ ነገሯት።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በእኛ ሰፈር ሚስት ያገባ፣ ጢም ያወጣ ሰው ሲሮጥ ከታየ «ምነው፣ ቤት ተቃጠለ?» ነው የሚባለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። አገር የሚመሩ፣ ወሕይ የሚወርድላቸው፣ በየአቅጣጫው ጠላት የሚዝትባቸው ሰው ናቸው። ሆኖም ለአንዲት ወጣት ሚስታቸው ደስታ ሲሉ መንገደኛውን ሁሉ ወደ ፊት ሰደዱ። ከሁሉም በላይ እኛን የሚገርመን በመካከል ያለፈው ጊዜ ነው። ዓኢሻ ረስታለች፤ እርሳቸው አልረሱም። ስንቶቻችን ነን ከባለቤታችን ጋር ያለፈን ነገር ለዓመታት ይዘን የምንቆይ? የምንይዘው ግን ጠቡን ነው። ቂም የምናስቀምጥበት ቦታ ላይ እርሳቸው ያስቀመጡት ጨዋታን ነበር፤ ያወጡትም እየሳቁ ነው።

ከቤት ወጥተን ወደ መስጂዱ እንሂድ። በዚህኛው ታሪክ ላይ የአገራችን ስም ስላለ ትንሽ ብናስረዝም አትፍረዱብን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በ622 እ.ኤ.አ. ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ሐበሻዎች በመምጣታቸው ተደስተው በጦራቸው እንደተጫወቱ አነስ (ረ.ዐ) ተናግሯል፤ አቡ ዳውድም ዘግቦታል። በኋላም በዒድ ቀን በመስጂዱ ውስጥ ጋሻና ጦር ይዘው ይጫወቱ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በክፍላቸው በር ላይ ቆሙ፤ ዓኢሻ ከኋላቸው ሆና፣ ጉንጯን ከጉንጫቸው አስጠግታ፣ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ታይ ነበር። እርሳቸውም ሐበሻዎቹን በኒ አርፊዳ እያሉ ጨዋታቸውን እንዲቀጥሉ ያበረታቷቸው ነበር። ይኸ ስም ሐበሻዎች የሚጠሩበት ስም እንደነበር የሐዲስ ተንታኞች ጽፈዋል። ዓኢሻ እስክትሰለች ድረስ ቆሙላት፤ በቃሽ ወይ ብለው ጠየቋት፤ በቃኝ ስትል ነው የተለዩት። ዓኢሻ ካደገች በኋላ ይህን እያስታወሰች፣ ጨዋታ የምትወድ ለጋ ልጅ ምን ያህል እንደምትቆም ገምቱ ትል ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው።

ዑመር (ረ.ዐ) መጥቶ ይህን ሲያይ ጠጠር አንስቶ ሊበትናቸው ቃጣው። እንግዲህ የዑመርን ነገር ታውቃላችሁ፤ ለዲኑ ሲቆረቆር ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ተዋቸው አሉት። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ላይ ደግሞ በዚያን ዕለት በዲናችን ውስጥ ስፋት እንዳለ እንዲታወቅ መፈለጋቸውን ተናግረዋል። ስለዚህ ሐጂ ሆይ፣ ጠጠር ለማንሳት ከመቸኮላችን በፊት የዑመርን እጅ ማን እንደያዘው ብናስታውስ ጥሩ ነው።

የፈረስ ነገርም አለ። ከመዲና ውጪ አል-ሐፍያእ ከሚባል ቦታ እስከ ሰኒየቱል ወዳእ ድረስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፈረሶችን ያሽቀዳድሙ ነበር፤ ርቀቱ አምስት ወይም ስድስት ማይል እንደሆነ በቡኻሪ ዘገባ ላይ ተገልጿል። በዚህ የሚሮጡት «ተድሚር» የተደረጉት፣ ማለትም የሠለጠኑት ፈረሶች ናቸው። ፈረሱ መጀመሪያ በደንብ እየበላ እንዲሰባ ይደረጋል፤ ከዚያ መኖው ይቀነስና ቤት ውስጥ በልብስ ተሸፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል፤ ሥጋው ጠንከር፣ ትንፋሹ ረዘም እስኪል ድረስ። ያልሠለጠኑት ደግሞ ከሰኒየቱል ወዳእ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ አንድ ማይል ያህል ብቻ ይሮጣሉ። ፍትሑን አያችሁ? ያልተዘጋጀውን ከተዘጋጀው ጋር አላጋጠሙትም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከጋላቢዎቹ አንዱ ነበር፤ ፈረሱ ይዞት መስጂዱን ዘሎ እንዳለፈ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ሰው በኋላ በጥንቃቄውና በዒባዳው የታወቀው ታላቁ ዓሊም ነው። ፈረስ መጋለቡ ዓሊም ከመሆን አላገደውም።

ስለ ሽልማትና ስለ ገንዘብ ሰፊ የፊቅህ ንግግር አለ፤ ለብቻው ጊዜ የሚፈልግ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። ሐዲሱ ሽልማትን ከግመል፣ ከፈረስና ከቀስት ውድድር ጋር አያይዞታል። ፉቀሃዎችም ከውጪ ያለ ሰው ለአሸናፊ በሚሰጠው ሽልማትና ተወራዳሪዎች ከየኪሳቸው በሚያስይዙት ገንዘብ መካከል ልዩነት አድርገዋል። ቁማር ግን በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር አብሮ የተከለከለ ነው። ታላቅየው ልጅ ይህን የምናገረው ለማን እንደሆነ ይገባዋል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሩካናን በትግል ስለመጣላቸው የሚነገረውንም ብዙዎች ይወዱታል፤ በሰነዱ ላይ ዓሊሞች ስለተነጋገሩበት ግን አንደገፍበትም።

አሁን ወደ መሸነፍ እንምጣ። በዚያ ቤት ያየነው ችግር መጫወት አልነበረም፤ መሸነፍን አለመቻልና ማሸነፍን አለመቻል ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አል-ዐድባእ የምትባል ግመል ነበረቻቸው፤ ማንም አይቀድማትም ነበር። አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ መጣና ቀደማት። ሙስሊሞቹ በጣም ከፋቸው። የእኛ ግመል፣ የነቢዩ ግመል እንዴት ይሆናል አሉ መሰለን። እርሳቸው ፊታቸው ላይ ቅሬታቸውን አይተው በዚህች ዓለም ከፍ ያለን ነገር ዝቅ ማድረግ የአላህ ደንብ መሆኑን ነገሯቸው። ልብ በሉ፣ ቅር የተሰኙት ደጋፊዎቹ እንጂ ባለግመሉ አልነበሩም። የዛሬም ነገር እንዲሁ ነው፤ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው፣ ማሊያ ተለዋውጠው ሲለያዩ እኛ እዚህ ከወንድማችን ጋር እንኮራረፋለን።

እስካሁን ስሙን ያልጠራነው አንድ ሯጭ አለ፤ ሰለማ ኢብኑል አክወዕ (ረ.ዐ) ይባላል። ከዚ ቀረድ ዘመቻ ሲመለሱ፣ ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ከኸይበር በፊት፣ ሰለማ በዚያችው በአል-ዐድባእ ላይ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ ተፈናጥጦ ነበር። ከአንሷሮች አንዱ፣ በእግሩ ተቀድሞ የማያውቅ ሰው፣ እስከ መዲና የሚሽቀዳደመኝ አለ ወይ እያለ ደጋግሞ ይጣራል። ሰለማ ፈቃድ ጠየቀ፤ እንደፈለግህ ተባለ፤ ከግመሏ ወረደ። ሲሮጥ መጀመሪያ አንድ ሁለት ዳገት ያህል ራሱን ያዝ አደረገ፣ ትንፋሹን ለማቆየት። ከዚያ ለቀቀውና ደረሰበት፤ ትከሻና ትከሻው መካከል መታ አድርጎ ተቀደምክ አለው። መዲናም ቀድሞ ገባ።

ይህን ስናነብ የእኛኑ ልጆች ማስታወሳችን አልቀረም። በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ውድድር ላይ ምሩፅ ይፍጠርም ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ በመጨረሻው 300 ሜትር ገደማ ነው የተፈተለከው። በዚያ ሩጫ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ያመጣው መሐመድ ከድር፣ አራተኛ የሆነው ቶሎሳ ቆቱ ነበር። ሦስቱ አብረው ሮጠው አንዱ ወርቅ ሲያጠልቅ ሌላው ያለ ሜዳሊያ ቀረ፤ አገር የሚያስታውሳቸው ግን አንድ ላይ ነው።

የሰለማን ስም ያቆየነው በምክንያት ነው። ቡኻሪ ከሰለማ ይዘው የዘገቡት ሌላ ታሪክ አለ፤ ለሁለቱ ልጆች ለመንገር ከሁሉ ይልቅ የፈለግነውም ይኸን ነው። ከአስለም ጎሳ፣ ማለትም ከሰለማ ወገኖች፣ የተወሰኑ ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ቀስት ሲወዳደሩ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አለፉ። የኢስማዒል ልጆች ብለው ጠሯቸው፤ አባታቸው ኢስማዒል ቀስተኛ ስለነበረ እንዲወረውሩ አበረታቷቸው። ቀጥለውም እርሳቸው ከአንደኛው ቡድን ጋር መሆናቸውን ተናገሩ።

የሌላኛው ቡድን ሰዎች ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቀስቱ በእጃቸው ነው፤ ዒላማውም ፊት ለፊታቸው ነው፤ አይወረውሩም። ምን ሆናችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ እርስዎ ከእነርሱ ጋር ሆነው እኛ እንዴት እንወረውራለን አሉ።

እነዚህ ሰዎች ጠላት አልነበሩም፤ ያዘኑትም ከፍቅር የተነሳ ነው። አንድ ቃል፣ ያውም ከእርሳቸው የወጣ የማበረታቻ ቃል፣ በአንድ ጎሳ ልጆች መካከል መስመር አሰመረ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለምን ተከፋችሁ ብለው አልተቆጡም፤ ቀስት ይቅር ብለውም አልከለከሉም። ወርውሩ፣ ከሁላችሁም ጋር ነኝ አሏቸው።

ይህን ዝግጅት ከመቅዳታችን በፊት ለሐጂ በስልክ ተርከንላቸው ነበር። ጸጥ ብለው ሰሙን። በመጨረሻ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አሉን። ቡኻሪን እንደገና ገልጠን አየን። ሰለማ የራሱን ወገኖች ጨዋታ ሲያወራ፣ ነቢዩ ምን እንዳሉ ተናግሮ እዚያ ላይ ያበቃል። የትኛው ቡድን እንዳሸነፈ አልተናገረም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።