የፈቃድ ውል በሕግ ፍራንቻይዝ የሚሆነው መቼ ነው? (ዩናይትድ ስቴትስ)

በዩናይትድ ስቴትስ አንድ የንግድ ፈቃድ ውል ፍራንቻይዝ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በስያሜው ሳይሆን በይዘቱ ነው። ተዋዋዮቹ ሰነዱን «የአከፋፋይነት ውል» ወይም «ሽርክና» ቢሉት፣ «ይህ ፍራንቻይዝ አይደለም» የሚል አንቀጽ ቢያክሉበትም ለውጥ አያመጣም።

ዋናው መለኪያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1978 አውጥቶ በ2007 ያሻሻለው የፍራንቻይዝ ደንብ ነው። ደንቡ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይፈልጋል፦ ንግዱ ከፈቃድ ሰጪው የንግድ ምልክት ጋር መያያዙን፣ ፈቃድ ሰጪው በተቀባዩ አሠራር ላይ ከፍተኛ ቁጥጥር ወይም እገዛ ማድረጉን፣ ተቀባዩም ሥራውን ለመጀመር ለፈቃድ ሰጪው የግዴታ ክፍያ መፈጸሙን።

ከባዱ ጉዳይ ቁጥጥሩ ነው። የንግድ ምልክት ሕግ ባለቤቱ በስሙ የሚሸጠውን ዕቃ ጥራት እንዲከታተል ያስገድዳል፤ ካልተከታተለ የምልክቱን መብት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን ለመጠበቅ ብቻ የሚደረግ ክትትል እንደ ከፍተኛ ቁጥጥር አይቆጠርም። የሱቁን ቦታ ማጽደቅ፣ የሥራ ሰዓት መወሰን፣ የሒሳብ አያያዝ ማዘዝና ሥልጠና መስጠት ግን ወደ ፍራንቻይዝ ያስጠጋሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ክፍያው ላይ ነው። የመግቢያ ክፍያ ስላልጠየቁ ብቻ ነፃ የወጡ ይመስላቸዋል፤ ሕጉ ግን ተቀባዩ እንዲገዛ የተገደደውን ሥልጠና፣ መሣሪያና መመሪያ መጽሐፍ ሁሉ ይደምራል። የማይደመረው በተለመደ የጅምላ ዋጋና በተመጣጣኝ መጠን ለዳግም ሽያጭ የተገዛ ሸቀጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ የሚከፈለው ከተወሰነ ገንዘብ ካነሰም ደንቡ አይመለከተውም፤ ይህ ጣሪያ መነሻው 500 ዶላር ሲሆን በየአራት ዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል።

የክፍያው ጥያቄ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1998 ሰባተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው የቱ-አም እና የሚትሱቢሺ ካተርፒላር ክርክር ነው። ቱ-አም በኢሊኖይ የፎርክሊፍት አከፋፋይ ነበር። አምራቹ ሚትሱቢሺ ካተርፒላር ውሉን ያለ በቂ ምክንያት ሲያቋርጥ አከፋፋዩ የኢሊኖይን የፍራንቻይዝ ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ። ክርክሩ ያረፈው በጥገናና በመለዋወጫ መመሪያዎች ላይ ነበር፤ አከፋፋዩ ለእነርሱ በዓመታት ውስጥ ከ1,600 ዶላር በላይ ከፍሏል፣ የግዛቱ ጣሪያ ደግሞ 500 ዶላር ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ የፍራንቻይዝ ክፍያ ነው በማለት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ለአከፋፋዩ የፈረዱለትን 1.525 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አጸና። አምራቹ መመሪያዎቹን በነፃ ቢሰጥ ኖሮ ይህ ክስ መሠረት ባጣ ነበር።

ግዛቶች የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1970 ቀዳሚውን የፍራንቻይዝ ኢንቨስትመንት ሕግ አወጣች። ኒውዮርክ ክፍያው ካለ ከምልክቱና ሰጪው ከሚያዘው የገበያ ዕቅድ አንዱ ይበቃታል። የዊስኮንሲን የአከፋፋዮች ሕግ ክፍያን ጨርሶ አይጠይቅም፤ በምትኩ የሁለቱን ወገኖች የጥቅም ትስስር ይመዝናል። በመሆኑም በፌዴራል ደንብ ፍራንቻይዝ ያልሆነ ውል በግዛት ሕግ ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል።

ውሉ በፌዴራል ደንብ ፍራንቻይዝ ከሆነ ሰጪው ከመፈራረሙ ወይም ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ 23 ርዕሶች ያሉት የመረጃ ሰነድ ማስረከብ አለበት። ጥሪቱን ለሚያፈስ ሰው ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ሆኖም የፌዴራሉን ደንብ ማስከበር የሚችለው ኮሚሽኑ ብቻ ነው፤ ተጎጂው በራሱ ሊከስ የሚችለው በአብዛኛው የግዛት ሕግ ሲፈቅድለት ነው።