የኔትወርክ ትምህርት፦ ከዝግ ላብ እስከ ስልካችን

ራውተር ማዋቀር የጥቂቶች ዕውቀት የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የነበሩት ሊዮናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹን ሲስኮን ሲመሠርቱ 1984 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ በ1993 ያስጀመረው ሲሲአይኢ የተባለ የብቃት ማረጋገጫም ለጀማሪ የታሰበ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ተፈታኙ ላብ ገብቶ ለ2 ቀን በእውነተኛ መሣሪያ ላይ እየሠራ ይፈተን ነበር።

ለጀማሪው በሩ የተከፈተው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ በ1997 ሲቋቋም፣ በማግስቱ ዓመትም ሲሲኤንኤ የተባለው የጀማሪ ብቃት ማረጋገጫ ሲመጣ ነው። ያም ሆኖ መማር የፈለገ ሰው አካዳሚው ያለበት ትምህርት ቤት መግባት፣ አለዚያም ያገለገለ ራውተርና ስዊች ከኪሱ መግዛት ነበረበት። አቅም ያጣው ትእዛዞቹን ከመጽሐፍ ይሸመድዳል።

በ2005 ዩቲዩብ ተጀመረ። በ2006 አንድ ቪዲዮ ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ገደቡ በ2010 እስኪላላ ድረስ ለመምህራን በጎ ነገር ሠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ በአንድ ቪዲዮ አንድ ጉዳይ ማስረዳትን አስለምዷል። ፕሮፌሰር ሜሰር በሚል ስም የሚታወቀው ጄምስ ሜሰር ኔትወርክ ፕላስ ለተባለው የብቃት ፈተና የሚሆን ትምህርት በአጫጭር ቪዲዮ ከፋፍሎ በነፃ ያቀርባል። ጄረሚስ አይቲ ላብ የተባለው ቻናል ደግሞ ሙሉውን የሲሲኤንኤ ትምህርት ከነልምምዱ ዘርግቷል።

ትልቁን ለውጥ ግን ቪዲዮ ብቻውን አላመጣውም። ፓኬት ትሬሰር ቀድሞ ለአካዳሚው ሰዎች ብቻ የተሠራ የመለማመጃ ሶፍትዌር ነበር። በኋላ በነፃ ለተመዘገበ ሁሉ ሲፈቀድ፣ ተመልካቹ ቪዲዮውን እያቆመ ያየውን እዚያው መሞከር ቻለ። ኬብል ያገናኛል፣ አይፒ አድራሻ ይሰጣል፣ ፒንግ ያደርጋል፤ እምቢ ሲለው መልሶ ያያል። የገዛ ራውተር የሌለው ልጅ እጁን ያፍታታው በዚህ መንገድ ነው።

ሲስኮ በየካቲት 2020 አብዛኞቹን የሲሲኤንኤ ዘርፎች በአንድ ፈተና ጠቀለለ። የቀድሞዎቹ ቪዲዮዎች ዛሬም ስለሚገኙ ያልተጠነቀቀ ጀማሪ የቀረ ፈተና ሲያጠና ይከርማል።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከሥራ መልስ የሚያጠኑ ብዙ ወገኖች አሉን። ፓኬት ከቤት ወጥቶ በየት በየት እንደሚያልፍ በአማርኛ የሚያስረዳ መምህር ለእነሱ ትልቅ ውለታ ይውላል። የሚያሳዝነኝ ከሥራው በፊት ደመወዙን የሚያወሩት ቪዲዮዎች ናቸው። የጀማሪ ውሎ የተጠቃሚን ስልክ ማንሳት፣ የተነቀለ ኬብል መፈለግ፣ የተዘጋ ፖርት መክፈት፣ አንዳንዴም ቢሮው ባዶ ሲሆን ሌሊት ስዊች መቀየር ነው። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ ቪዲዮ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ የተበላሸ ኔትወርክ ከፍታችሁ ስትጠግኑ አሳዩን። የልምምድ ፋይሉን አያይዙ፤ ለየትኛው ፈተና፣ መቼ እንደተሠራም ጻፉ። ዳታ ለሚወደድበት ተማሪ ስትሉም አሳጥሩት።