ጧሪና ቀባሪ

ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ምርቃት ቢጠሩም በታሪካችን እኩል አልተደራጁም።

ቀባሪው ዕድር አለው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከየክፍለ ሀገሩ በመጡ ሰዎች መካከል ብቅ ያለው ዕድር ከጣሊያን ወረራ በኋላ በየሰፈሩ ተስፋፋ። መዋጮው፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ የቀሪ ቅጣቱ ሳይቀር በደንብ ተጽፏል። ለጧሪው ግን ደንብ የጻፈለት የለም። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ለመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ እስከ 2003 ዓ.ም. ጠብቋል። የገበሬውና የጉልት ቸርቻሪዋ ጡረታ ልጅ ነው። ልጅ ሲባል ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ ሌሊት የምትነሣው እርሷ ነች። እርሷም ለሌለችላቸው ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መቄዶንያን መሠረተ።

እዚህ ንቲንዳ እናቱን ያስመጣ ቤተሰብ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ያለ ጎረቤት ነው። አገር ቤት ለቡና የምትጠራው ጎረቤት ታማሚውንም ትጠብቅ ነበር። እዚህ አጥሩ ረጅም ነው፤ ባልና ሚስት ጧት ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ የተቀጠረችው ኡጋንዳዊት አማርኛ አትሰማም፣ እማማም ሉጋንዳ አያውቁም። ኡጋንዳ ለአረጋውያን የምትሰጠው ወርኃዊ ድጎማም ለዜጎቿ ነው።

ታዲያ ለለቅሶ የምንወጣውን ተራ በቁም ላሉትም ብናደርገውስ? በሳምንት ሁለት ሰዓት እማማ አጠገብ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ቢገኝ፣ ልጃቸው ገበያ ደርሳ ትመለሳለች።