መጨመርና መቀነስ፦ የስኳር ሕመምና የአረጋውያን መድኃኒቶች አጭር ታሪክ



በዚህ ንግግሬ በዕድሜ የገፉ የስኳር ሕሙማን በርካታ መድኃኒቶችን በአንድነት ወደሚወስዱበት ዘመን እንዴት እንደደረስን አወሳለሁ። ታሪኩን ስመረምር የማየው፣ ሕክምና መድኃኒት መጨመርን ቀድሞ መማሩን፣ መቀነስን ግን እጅግ ዘግይቶ መጀመሩን ነው።

በ1922 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊን በቶሮንቶ ለሕሙማን መሰጠት ሲጀምር ከሞት የታደጋቸው በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነበር። በ1950ዎቹ ሰልፎኒልዩሪያ የተሰኙት እንክብሎችና ሜትፎርሚን ተከተሉ። አዲሱ መድኃኒት ሲመጣ ነባሩ ብዙ ጊዜ ስፍራውን አልለቀቀም።

በ1998 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የብሪታንያ ታላቅ ጥናት የደም ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር በተለይ የዓይንን ጉዳት እንደሚቀንስ አሳየ። በዚሁ ጥናት የደም ግፊታቸው በጥብቅ እንዲወርድ ከተደረጉት መካከል 29 በመቶው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የግፊት መድኃኒት አስፈልጓቸዋል። ይሁን እንጂ ወደ ጥናቱ የገቡት ከ25 እስከ 65 ዓመት የነበሩ አዲስ ታማሚዎች ናቸው። ውጤቱ ግን የሰማንያ ዓመት አዛውንት ማዘዣ ላይም ታተመ።

ጥርጣሬው በ2008 እ.ኤ.አ. በረታ። አኮርድ በተባለውና 10,251 ሰዎችን ባሳተፈው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ የደም ስኳራቸው ወደ ጤናማ ሰው መጠን እንዲወርድ በታለመላቸው ሕሙማን ዘንድ ሞት በመብዛቱ ያ ሕክምና ከጊዜው በፊት ተቋረጠ።

የመቀነስ ሐሳብ ሥሩ ግን ቀደም ያለ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ፤ ክሎርፕሮፓማይድ በውስጡ ነበረ። በአገራችንም ለረጅም ዓመታት በሰፊው የታዘዘው ግሊቤንክላማይድ በ2012 እ.ኤ.አ. ተጨመረበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል። አዛውንቱ ሲደናገሩ ወይም ሲወድቁ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የአረጋዊ ማዘዣ ስታነቡ እንደ ታሪክ ሰነድ አንብቡት። እያንዳንዱ መድኃኒት መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደተጀመረ ጠይቁ፤ ያ ምክንያት ዛሬም መኖሩን አረጋግጡ። የሌለውን ለማቆም ከሕመምተኛው ጋር ተመካክሮ መወሰን የሐኪም ግዴታ ነው።