ግዛት በሕግ የሚተላለፈው መቼ ነው? ከጨዋታው ካርታ እስከ ኢፋት

ብዙዎቻችን «ክሩሴደር ኪንግስ» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ እናውቀዋለን። በዚያ ጨዋታ መሬት ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በጉልበት የያዘው፣ ሌላው በሕግ የሚገባው። አንድ ንጉሥ የሌላውን መንግሥት አውራጃ ይዞ ሳይቋረጥ 100 ዓመት ከቆየ፣ አውራጃው በሕግም የእርሱ ይሆናል። የቀድሞው መንግሥት ደግሞ «የግዛቴ አካል ነው» ብሎ ጦርነት የሚከፍትበትን መብት ያጣል።

ይህን ደንብ ወደራሳችን ታሪክ ብናመጣው ምን ያሳየናል?

ምሥራቅ ሸዋን እንይ። የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ይገዛው የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት እ.ኤ.አ በ1285 የኢፋት ወላስማዎች ጠቀለሉት። ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በ1332 ዐፄ ዐምደ ጽዮን የኢፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል አድርገው ወንድሙን ጀማለዲንን ሾሙ። በዚያው ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ይዘረዝራል፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐድያ፣ ሸርኻ፣ ባሌና ዳራ። ገዢዎቻቸው የራሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን ለንጉሡ ይገብራሉ፤ አንዱ ሲሞት ተተኪውን የሚያጸድቀው ንጉሡ ነው።

እንግዲህ ኢፋት በሕግ የማን ነበር? በቤተ መንግሥቱ ዓይን የንጉሡ ነው። በኢፋት ሕዝብ ዓይን ግን ሱልጣኑም ቃዲውም የራሱ ናቸው። አንድ መሬት ሁለት ሕግ ተሸክሞ ኖሯል። የጨዋታው ካርታ ለዚህ ቀለም የለውም።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሱልጣን ሐቀዲን መገበሩን እምቢ ብሎ መቀመጫውን ከኢፋት አወጣ። ወንድሙ ሰዕደዲን ትግሉን ቀጥሎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደለ። ልጆቹ ባሕር ተሻግረው የመን ገቡ። በጨዋታው ቢሆን እዚህ ላይ ነገሩ አበቃ፤ የመሬት ይገባኛል ባይነት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ፣ ካልተዋጉበት በአብዛኛው ለልጅ ልጅ አይደርስም።

እነርሱ ግን ተመለሱ። ከኢፋት በስተምሥራቅ የዐደል ሱልጣኔትን አቆሙ፤ የወላስማ ቤትም እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። አገሩም «በር ሰዕደዲን»፣ የሰዕደዲን ምድር፣ ተባለ። ልብ እንበል፤ ግዛቱ የተጠራው በሕይወት ባለ ገዢ ሳይሆን በተሸነፈና በተገደለ ሰው ስም ነው። ኢፋት መሬቱ በአንድ በኩል ቀረ፤ ሕጋዊነቱ ግን ከሰዎቹ ጋር ተሰደደ።

የጨዋታው ደንብ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለታችን አይደለም። ጊዜ ጉልበትን ወደ ሕግ እንደሚለውጥ እውነት ነው፤ ኢፋትም ውሎ አድሮ የንጉሡ ግዛት ሆኗል። ግን የዓመታት ብዛት ብቻውን አይለውጠውም። ገዢውን የሚያጸድቀው ማን ነው? ግብሩ ለማን ይገባል? ዳኝነቱ በማን ሕግ ነው? ሕዝቡስ ራሱን በማን ስም ይጠራል? እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲዞሩ ነው ግዛት በእውነት እጅ የሚቀይረው።

ስለዚህ ዛሬ በየስልካችን የድሮ ካርታ እየተለጠፈ «ይህ የእኛ ነበር» የሚል ክርክር ስናይ፣ ከቀለሙ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች እናንሣ። ካርታው የሚነግረን አንዱን መልስ ብቻ ነው።