አመልካች ንጣፍ፦ ከኦሞ እስከ ቱርካና

ጂኦሎጂስቶች «ማርከር ቤድ» የሚሉትን በአማርኛ «አመልካች ንጣፍ» ብንለው ያስኬዳል። በደለል አለቶች ድርብርብ መካከል የተጋደመ፣ ስስ ሆኖ ሳለ ሰፊ አካባቢ የሸፈነ፣ ከላዩና ከሥሩ ካሉት አለቶች በመልኩ ወይም በይዘቱ በቀላሉ የሚለይ ንጣፍ ነው። ለሥራው የሚመረጠው በአጭር ጊዜ ተነጥፎ ያለቀ ነው፤ ተራርቀው ባሉ ሁለት ገደሎች ላይ ያው ንጣፍ ከታየ ሁለቱን በአንድ ዘመን ማገናኘት ይቻላል።

ለዚህ ከእሳተ ገሞራ አመድ የሚሻል ያለ አይመስለኝም። በአመዱ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን የመስታወት ስብርባሪዎች የሚገኘው የብረት፣ የታይታኒየምና የሌሎች ንጥረ ነገሮች መጠን ከፍንዳታ ፍንዳታ ይለያያል። አመዱ ሲጠነክር ታፍ ይባላል። በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ሹንጉራ ላይ ከ700 ሜትር በላይ የሚወፍረው የደለል ድርብርብ የተከፋፈለው በእነዚሁ ታፎች ነው።

ከድንበር ማዶ፣ በኬንያ ኩቢ ፎራ ያለው ኬቢኤስ የተባለው ታፍ ግን ሳይንቲስቶችን ለዓመታት አነታርኳል። ቀድሞ ተቀባይነት ያገኘው ልኬት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሰጠው። በ1972 እ.ኤ.አ. ከታፉ ሥር «1470» የሚባለው የሰው ዘር የራስ ቅል ሲገኝ ነገሩ ከረረ፤ ታፉ ያን ያህል ካረጀ ቅሉ ከዚያም ሊበልጥ ነው። ልኬቱን ያስጠረጠሩት፣ ይገርማል፣ አሳማዎች ናቸው። ከታፉ ሥር የተገኙት የአሳማ ቅሪቶች በኦሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆናቸው ንጣፎች ከወጡት ጋር ይመሳሰሉ ነበር።

ችግሩ ከአመዱ አመጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ቦታው የደረሰው በውሃ ተጠርጎ ስለሆነ በመንገዱ የቆዩ የማዕድን ቅንጣቶች ተቀላቅለውበታል፤ እነዚያ ከአመዱ ጋር አብረው ሲለኩ ዕድሜውን ያስረዝማሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. የመስታወቱ ኬሚካዊ ይዘት ሲነጻጸር ኬቢኤስ ከሹንጉራው ኤች-2 ታፍ ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ኋላ የተደረጉ የጠሩ ልኬቶችም ዕድሜውን 1.9 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ አድርገውታል።

ንጽጽሩ ከዚያም ርቆ ሄዷል። የቱርካናው ቱሉ ቦር ታፍ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአፋር፣ ሀዳር ላይ ሲዲ ሃኮማ በሚል ስም ይገኛል፤ ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽ የወጣችው ከዚህ ንጣፍ በላይ ካለው ደለል ነውና ዕድሜዋ ከዚያ ያነሰ ነው።